የግድግዳ ላብ ለዓሣ ነው

«ይሄ ነገር መቼ ጀመረ? ለምንስ አልነገርሽኝም?» አለች ረድኤት፣ የሥራ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ በሩ ላይ እንደቆመች።

አክስቷ ዘርትሁን ከመቀመጫዋ ቀና አለች። እጇ ሳታስበው ወደ ደረቷ ሄደ።

«ማን ነገረሽ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ላስጨንቅሽ ባልፈልግ ነው እንጂ… ከሰሞኑ ነው። ያን ያህልም አያመኝ። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ አረፍ ስል ደግሞ ይተወኛል።»

«ምኑ?»

«ልቤ ነዋ!»

«እቴቴ! እኔ እኮ የጠየቅሁሽ ስለ ገንዳው ነው።»

ሁለቱም ዞረው ገንዳውን አዩ፤ ከዚያ ተያዩ። ዘርትሁን የተናገረችውን መልሳ ብትውጠው በወደደች፤ ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ረድኤት ቦርሳዋን አወረደችና አጠገቧ ቁጭ አለች። የአክስቷንም እጅ ያዘች።

«ነገ ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ።»

«እሺ፣ እሄዳለሁ። አሁን ገንዳሽን እዪ» አለች ዘርትሁን፣ ወሬውን ለመቀየር ቸኩላ። «እኔ ደግሞ መልኩን ለመቀየር አንቺው ያደረግሽው ነገር መስሎኝ ነበር።»

አዲስ ዝዋይ ውስጥ ገንዳ የሌለው ቤት የለም። ከማርስ ድንጋይ ሥር በተፈለፈለችው በዚህች ከተማ የእያንዳንዱ ቤት አንድ ጎን የእስትንፋስ ገንዳ ነው፤ ቆሮሶ ዓሣና የውሃ ሣር የሚኖሩበት፣ የቤተሰቡን አየር የሚያጠራ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ የውሃ ግድግዳ። ሰው እንግዳ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ገንዳውን ነው፤ «ውሃችሁ እንዴት አጥርቷል!» ማለት ትልቅ ምርቃት ነው። ረድኤት ደግሞ የገንዳ ሐኪም ናት። ቀኑን ሙሉ በሰው ቤት እየዞረች የታመመ ውሃ ስታክም ትውላለች። የራሷ ገንዳ ግን፣ ጠዋት ሐመር ቢጤ የነበረው፣ አሁን ከላይ እስከ ታች ቡናማ ሆኗል። አንድ ሰው ሽሮ በጥብጦ የቀባው ይመስል ነበር።

ገንዳ ጠራጊዋ ማሽን፣ የከተማው ሰው «ቀንድ አውጣ» የሚላት መዳፍ የማታክል ክብ ነገር፣ ጥግ ላይ ተጣብቃ ቀይ መብራቷን ታርገበግባለች።

«ይህን ቆሻሻ አላውቀውም» አለች ማሽኗ በትሕትና። «እባክዎ ባለሙያ ይጥሩ።»

«ባለሙያዋ እኔ ነኝ!» አለቻት ረድኤት።

«እባክዎ ባለሙያ ይጥሩ።»

ዘርትሁን ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች።

ገንዳው የሰው ቤት ገንዳ ቢሆን ረድኤትም በሳቀች። አሁን ግን ጊዜው አልነበረም። ከተማዋ የምትኖረው የመጀመሪያዎቹ መርከቦች ከምድር ባመጡት ውሃ ነው። እሱው ይጠጣል፣ ይጣራል፣ ተመልሶ ይጠጣል፤ በየዙሩ ግን ትንሽ ትንሽ ይጎድላል። ውጭ ሜዳው ላይ ለዓመታት ተቆፍሮ የተገኘው ደረቅ አቧራ ብቻ ሆነ። በመጨረሻ የከተማው ምክር ቤት ረድኤትና አክስቷ የሚኖሩባት ታች ሰፈር እንድትዘጋ፣ የገንዳዎቿ ውሃ ወደ ላይ ሰፈር እንዲወሰድ፣ ነዋሪዎቿም በሳምንቱ መጨረሻ በምትነሣው መርከብ ወደ ምድር እንዲመለሱ ወሰነ። ለረድኤት በሙያዋ ምክንያት ላይ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተሰጣት፤ ለአንድ ሰው ብቻ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ላሳደገቻት ለዘርትሁን የተሰጣት የመርከብ ወንበር ነበር።

«አገርሽ ነው የምትመለሺው፤ የዝዋይን ሐይቅ ታዪዋለሽ» ይሏታል ጎረቤቶቿ ሊያጽናኗት። ሐኪሞቹ የሚሉት ሌላ ነው። ማርስ ሰውን የምትስብበት ጉልበት የምድርን ግማሽ አይሞላም። ለረጅም ዘመን ይህን ቀላል ክብደት የለመደ የአሮጊት ልብ ምድር ላይ ሲወርድ ሊቆም ይችላል። ረድኤት ይህን ጽፋ ለምክር ቤቱ አቤት ብላ ነበር። መልሱ አጭር ነበር፤ ውሃ ከተገኘ እንነጋገርበታለን።

ስለዚህ ረድኤት ገንዳውን ንጹሕ አድርጋ ከማስረከብ ያለፈ ሐሳብ አልነበራትም። ሰው ምን ይላል? የገንዳ ሐኪሟ ቤት ቡናማ ሆኖ ተገኘ ይበል? እጅጌዋን ሰብስባ ቡናማውን በማንኪያ ጫፍ ፈገፈገችው። በቀላሉ ተላጠ። በጣቶቿ መሃል ስታሸው ግን ግራ ገባት፤ ገንዳ ላይ እንደሚበቅለው እንደ ሌላው ዝልግልግ ዋቅላሚ አልነበረም። ሻከር አላት፤ እንደ ደቃቅ አሸዋ።

ከቦርሳዋ ትንሿን ማይክሮስኮፕ አወጣች። ጠብታዋን አስቀመጠች። ዓይኗን ዝቅ አደረገች።

ከዚያም ድንገት ቀና አለች።

«እቴቴ፣ ነይ! ቶሎ ነይ እዪ!»

«ምን ተገኘ ደግሞ? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ።» ዘርትሁን ቀስ ብላ መጥታ አጎነበሰች። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም። «ታንኳ ነው» አለች በመጨረሻ። «ስንት ታንኳ! የመስታወት ታንኳ። ጎኑን ደግሞ እንደ ወንፊት የበሳሳው ማን ነው?»

«ራሷ ናት የበሳሳችው። ዳያተም ትባላለች።»

ረድኤት ዳያተምን የምታውቃት ከዩኒቨርሲቲ ሥዕል ብቻ ነው፤ ለዓይን የማትታይ፣ ከሲሊካ፣ ማለትም አሸዋና መስታወት ከሚሠሩበት ማዕድን፣ ለራሷ የመስታወት ቤት የምትሠራ ዋቅላሚ። መምህራቸው ምድር ላይ በየሰዉ ቤት አዲስ ገንዳ ሲሞላ የምትመጣ ተራ ቡናማ ቆሻሻ እንደሆነች ነግሯቸው፣ «እናንተ ግን መቼም አታዩዋትም» ብሎ ገጹን ገልብጦ ነበር። ማርስ ላይ ልትታይ አትችልምና። ሲሊካ ውሃ አጣሪዎቹን ማሽኖች ስለሚደፍን ከከተማው ውሃ ገና ከመጀመሪያው ተለቅሞ ወጥቷል። ገንዳዎቹ የተሠሩት ከፕላስቲክ ነው፤ ወለላቸው ላይ የተነጠፈው ጠጠር እንኳ የፕላስቲክ ስብርባሪ ነው። ዘሯ ከመጀመሪያዎቹ ዓሣዎች ጋር ከምድር መጥቶ አንድ ስንጥቅ ውስጥ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ አያስገርምም። የሚያስገርመው ቤት መሥሪያውን ከየት አመጣችው የሚለው ነው።

«ውጭ ያለው አቧራ ገብቶ ይሆናል» ብላ ፈራች ረድኤት። አቧራ ገባ ማለት የከተማው ሽፋን ተቀደደ ማለት ነው። መለኪያዋን ይዛ የበሩን ጠርዝ፣ የአየር መግቢያውን፣ የቧንቧዎቹን መገናኛ ሁሉ አዳረሰች። አንዱም ጋ አቧራ የለም።

«እቴቴ፣ ገንዳው ውስጥ ምን ትጨምሪበታለሽ?»

«ምን እጨምራለሁ? የግድግዳ ላብ ነዋ።»

ይህ መልስ ማንንም የአዲስ ዝዋይ ነዋሪ አያስደነግጥም። በዚህች ከተማ አንዲት ጠብታ መድፋት ከነውር በላይ ነው። የቤተሰቡ ትንፋሽና የድስቱ እንፋሎት ቀዝቃዛው የድንጋይ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ላብ ይሆናል፤ እማወራዎች በጨርቅ ጠርገው በጣሳ ይጨምቁትና ለዓሣ ይሰጡታል። «የግድግዳ ላብ ለዓሣ ነው» ይባላል፤ ልጆች ሳይቀሩ ያውቁታል። የሰው ትንፋሽ ስለሆነም ማንም መርምሮት አያውቅም። የገዛ ትንፋሹን ማን ይመረምራል? ረድኤት ራሷ በየቤቱ ስትዞር «ላቡን አትድፉ፤ ከቧንቧ ውሃ ይልቅ ንጹሕ ነው» ትል ነበር።

«ዘንድሮ ግን» አለች ዘርትሁን ጣሳዋን እያሳየቻት፣ «ይሄ ግድግዳ ከእኔ በላይ ነው የሚያልበው። ሳላበስልም ያልባል። እንግዳ ባይመጣም ያልባል። ደስ እያለኝ ለዓሣዎቹ ሰጠኋቸው፤ ምን ላድርግ?»

ረድኤት ጣሳውን አየች። ግድግዳውን አየች። 

አጣሪዎች ሲበላሹ ሲሊካ ማምለጡን የምታውቅበት ጠብታ መድኃኒት ቦርሳዋ ውስጥ ነበራት፤ ሲሊካ ካገኘ ሰማያዊ ይሆናል። መጀመሪያ ቀዝቃዛ የብረት ሳህን ላይ እፍ እፍ ብላ የራሷን ትንፋሽ ውሃ ሰበሰበችና ጨመረችበት። መልኩ ሳይለወጥ ቀረ። ከዚያ ከጣሳው።

ሰማያዊ ሆነ። እንደ ሰማይ ያለ ሰማያዊ፤ የምድር ሰማይ፣ በሥዕል የምታውቀው።

«ትንፋሻችን አይደለም» አለች በሹክሹክታ። «እቴቴ፣ ይሄ የእኛ ትንፋሽ አይደለም!»

በዚሁ ቅጽበት በሩ ተንኳኳ። ገመቹ ነበር፤ የቁፋሮ ቡድኑ ኃላፊ፣ ትከሻው ላይ ወፍራም የውሃ መሳቢያ ጎማ ጠምጥሞ። መቆፈሪያው ተነቅሎ መርከብ ላይ ከተጫነ ወዲህ ምክር ቤቱ የታች ሰፈርን ገንዳዎች እንዲያደርቅ መድቦታል።

«እማማ ዘርትሁን፣ እንደምን ዋሉ? ድንጋዩ እምቢ ቢለኝ ዓሣ ላስለቅስ መጣሁ» አለ። ሊቀልድ ሞከረ እንጂ ፊቱ አልሳቀም። ከዚያ ገንዳውን አየ። «ኧረ ረድኤት! ይሄ የአንቺ ገንዳ ነው? ለሰው ብናገር ማን ያምነኛል?»

ረድኤት በተፈጥሮዋ ቃል የምትቆጥብ ልጅ ናት፤ ሰው ፊት ስትናገር ጆሮዋ ይቀላል። አሁን ግን ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው፤ ታንኳዎቹን፣ ላቡን፣ ሰማያዊውን። ገመቹ ጎማውን ሳያወርድ ሰማት።

«ደስ ይላል» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ላቡ ከድንጋዩ ላይ ሲወርድ ድንጋዩን ይልሳል። ሲሊካውን ከዚያው ልሶት ቢሆንስ? ትንፋሻችሁ ነው፤ ግድግዳ የላሰ ትንፋሽ።»

ገመቹ ልክ ነበር። ዘርትሁን ከአንዱ ወደ ሌላው እያየች፣ «እና አሁን ምንድን ነው? ውሃ ተገኘ ወይስ አልተገኘም?» አለች።

«ቆይ!» አለች ረድኤት። «ቆይ፣ ቆይ። ገንዳ ሥር እርጥበት ሳገኝ ከገንዳው ይሁን ከአየሩ እንዴት ነው የምለየው?»

መልሳቸውን ሳትጠብቅ ከቦርሳዋ የፕላስቲክ ሉህ አወጣች። ግድግዳውን በጨርቅ አደረቀች። ሉሁን ዘርግታ ዙሪያውን በማጣበቂያ አሸገችው፣ አየር እንዳይገባ ጠርዙን ደጋግማ በጥፍሯ እየዳመጠች። ከዚያ ዞራ አስረዳቻቸው። ላቡ የእኛ ትንፋሽ ከሆነ ሉሁ ፊት ላይ፣ በክፍሉ በኩል ያርፋል። ከድንጋዩ ውስጥ የሚመጣ ከሆነ ሉሁ ጀርባ ይጠራቀማል።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለ ገመቹ።

«ቸኩለሃል?»

ገመቹ ጎማውን አወረደ። «ለዓመታት የፈለግሁትን ነገር ጥቂት ሰዓት መጠበቅ ያቅተኛል?»

ዘርትሁን ሰው ቤቷ ገብቶ ባዶ አፉን ተቀምጦ አያውቅም። «ገንዳው መድረቁ ካልቀረ ዓሣው ከሚባክን እንብላው» ብላ በሰሞኑ ወፍረው እንደ ንጉሥ የሚንቀባረሩ ሁለት ቆሮሶዎች አወጣች። ጠበሰቻቸው። ሦስቱም ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳይነቅሉ በሉ። ገመቹ አንዴ አጥንት ሊያንቀው ሲል ዘርትሁን ጀርባውን መታ መታ አድርጋ፣ «ዓሣ መብላት በብልሃት ነው፣ ልጄ! ግድግዳውን እኔ አይልሃለሁ» አለችው። መሃል ላይ አለቃው ደወለለት።

«አዎ፣ እዚሁ ነኝ» አለ ገመቹ። «ጎማው ታንቆብኝ ነው።»

ዘርትሁን በነጠላዋ አፏን ይዛ ተንፈቀፈቀች።

ድንገት ረድኤት ብድግ አለች። ሉሁ ደብዝዟል። ጉም የመሰለ ነገር ፊቱ ላይ ተዘርግቷል።  የጥብሱ እንፋሎት ነው። በእርግጥ የጥብሱ እንፋሎት ነው፤ ሦስት ሰው የሚተነፍስበት ጠባብ ቤት ውስጥ ሌላ ምን ይሆናል? የአክስቷን ፊት ላለማየት ወደ ግድግዳው ሄደችና ጉሙን በእጅጌዋ ጠረገችው።

አልተጠረገም።

እንደገና ጠረገችው፣ በኃይል። እጅጌዋን ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነው። ጉሙ እዚያው ነው፣ ከሉሁ ጀርባ። እያየችው ጉሙ ጠብታ ሆነ፤ ጠብታዎቹ ተጋጠሙ፤ አንዷ ከብዳ ከላይ እስከ ታች ቀጭን መንገድ እያበጀች ወረደች። ከኋላዋ ሌላዋ ተከተለች።

«ከውስጥ ነው!» ብላ ጮኸች፣ በሕይወቷ ጮኻ የማታውቀው ረድኤት። «ገመቹ፣ ከውስጥ ነው! ከድንጋዩ ነው!»

ገመቹ ግንባሩን ሉሁ ላይ ለጥፎ ቆመ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ የሚስቅ ይሁን የሚያለቅስ አይታወቅም። «የሙቀት ቧንቧው» አለ። «ዓምና ከተማውን የሚያሞቀውን ቧንቧ በዚህ ግድግዳ ጀርባ ያሳለፍነው እኛው ነን። በረዶ አለ። እዚህ ጀርባ በረዶ ነበረ፣ እኛ አቀለጥነው! እኔ ደግሞ ሜዳ ለሜዳ ስዞር…» ዘወር ብሎ ዘርትሁንን አቅፎ አነሣት፤ በማርስ ላይ አሮጊት ማንሳት ቀላል ነው። «ኧረ ልጅ፣ ልቤ! ልቤ!» እያለች እሷም ትስቅ ነበር።

ሕጉ የማርስ ውሃ ሲገኝ ሰው ከመንካቱ በፊት የራሱ ሕይወት ይኑረው አይኑረው ይታይ ይላል። ረድኤት ከሉሁ ጀርባ የተጠራቀመውን ወስዳ ማይክሮስኮፑ ሥር አደረገች። ደጋግማ አየች። ምንም የለም። ጥርት ያለ፣ ዝም ያለ፣ ማንም ነክቶት የማያውቅ ውሃ ነበር።

ገመቹ በስልክ አለቃውን ሊያሳምን ሲጮህ፣ እሷ ወደ ገንዳው ተመለሰች። የተረፉት ዓሣዎች ቡናማውን ፊት በከንፈራቸው እየላሱ ንጹሕ ንጹሕ መስመር ይተዋሉ። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣላትና ቆማ ቀረች።

በአዲስ ዝዋይ የማያልቅ አንድ ክርክር አለ፤ የማርስ ተወላጅ ማን ነው? እዚህ የተወለዱ ልጆች እኛ ነን ይላሉ፣ የመጀመሪያ መርከበኞች የልጅ ልጆች እኛ ነን ይላሉ። ነገር ግን ሁሉም ከተወለዱ ጀምሮ የጠጡት በመርከብ የመጣ ውሃ ነው፤ ደማቸውም እንባቸውም የምድር ስንቅ ነው። ሰው እዚህ የኖረው ስንቁን ይዞ እንደመጣ እንግዳ ነው፣ ከባለቤቱ ማድጋ አንድ ጭልፋ ሳይቀምስ። ይህን ዓለም መጀመሪያ የጠጣችው፣ ድንጋዩንም የራሷ አካል ያደረገችው እሷ ናት፤ ቀንድ አውጣዋ አላውቃትም ያለቻት ቡናማ ቆሻሻ። ቀጥሎ እሷን የላሱት ዓሣዎች። ቀጥሎ…

ረድኤት ባዶውን ሳህን አየች።

«እቴቴ» አለች፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው ከዚህ ገንዳ ዓሣ የምትበዪው?»

«ዘንድሮ ወፍረዋል አላልኩሽም? አንቺ ሥራ ስትውዪ እኔ በየሳምንቱ አንድ አንድ ስጠብስ ከረምኩ። እንዲህ የጣፈጠ ዓሣ ዝዋይ ዳር እያለሁም አልበላሁ።» ዘርትሁን የረድኤትን ፊት አይታ ደነገጠች። «ምነው? መርዝ ነው እንዴ?»

«አይደለም። ስንቱ ሰው ማርስን አገሬ ለማለት ሲከራከር አንቺ ቁጭ ብለሽ እየጠበስሽ በላሻት ማለት ነው።»

ዘርትሁን እጆቿን ገልብጣ፣ መዳፏንም ጀርባውንም፣ አዲስ ነገር የበቀለባቸው ይመስል አየቻቸው።

«ታዲያ» አለች፣ «ወደ አገርሽ ተመለሺ የሚሉኝ የት ሂጂ ማለታቸው ነው?»

በማግስቱ መቆፈሪያው ከመርከቧ ወርዶ ከታች ሰፈር ግድግዳ ጀርባ ተተከለ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ውሃው ወጣ። መርከቧ በቀኗ ተነሣች፣ ዘርትሁንም አልተሳፈረችም።